የባኽን «ክሩቺፊክሱስ» ከቤዙ ጀምራችሁ ስሙት

ከጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከባኽ የቢ ማይነር ቅዳሴ (ለኳየርና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሥራ) ብዙ ሰው የሚወደው መለከት የሚነፋበትን የትንሣኤውን ክፍል ነው። አልፈርድም፣ ደስ ይላል። ግን ከሱ በፊት «ክሩቺፊክሱስ» (በላቲን «ተሰቀለ») የሚባል አጭር ክፍል አለ። ቃሉን ከጸሎተ ሃይማኖት እናውቀዋለን፦ ስለ እኛ ተሰቀለ፣ መከራ ተቀበለ፣ ሞተ፣ ተቀበረ።

መጀመሪያ ስትሰሙት ኳየሩን ተዉት። ከስር ያለውን ቤዝ፣ መሣሪያዎቹ የሚጫወቱትን ወፍራሙን ዜማ፣ ያዙ። ኢ ከሚባለው ድምፅ ተነስቶ በግማሽ በግማሽ ድምፅ እየወረደ ቢ ላይ ይደርሳል። በቃ፣ አራት ባር (የምት ክፍል) ነው። ከዚያ እንደገና ከላይ ይጀምራል። እንዲህ እያለ 13 ጊዜ ይዞራል። ይህን ከያዛችሁ በኋላ ወደ ዘማሪዎቹ ሂዱ። ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ቤዝ (ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ የዘማሪ ድምፅ) ተራ በተራ «ክሩቺፊክሱስ» የምትለዋን አንዲቷን ቃል ይቀባበሏታል፤ ልቅሶ ቤት አንዷ ስትደክም ሌላዋ እንደምትቀበላት።

ሙዚቃው ለቅዳሴው የተጻፈ አልነበረም። ባኽ እ.ኤ.አ. በ1714 ጀርመን ውስጥ ቫይማር ከተማ ሳለ ለአንድ የጀርመንኛ ካንታታ (በዘማሪዎችና በመሣሪያ የሚቀርብ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ) የሠራው ነው። ቅዳሴውን አሟልቶ የጨረሰው ግን ሊሞት አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። «የድሮውን ገልብጦ ተገላገለ» የሚል ሰው ሁለቱን አከታትሎ ይስማ። ፍሉት ጨምሯል። የቤዙን ረጃጅም ድምፆች ቆራርጦ ያለ ዕረፍት የሚመታ አድርጎታል። ትልቁ ለውጥ ግን መጨረሻው ነው። በ13ኛው ዙር ፍሉቶቹና ቫዮሊኖቹ ዝም ይላሉ። ኳየሩ ቤዙን ብቻ ይዞ «ተቀበረ» እያለ ዝቅ፣ ዝቅ ይላል። ጆሮ ሐዘንተኛውን ኢ ማይነር ሲጠብቅ ሳይታሰብ ብሩሁ ጂ ሜጀር ይመጣል። መቃብር ላይ ሜጀር!

አንዳንድ የኦርኬስትራ መሪዎች ይህን ክፍል ሲያንቀረፍፉት እናደዳለሁ። አቆጣጠሩ በሦስት ነው፣ መራመድ አለበት። ሲጎተት አራቱ ባሮች ይበታተናሉ፤ ቤዙ እየዞረ መሆኑም አይሰማም። ሐዘኑን ባኽ ጽፎታል፣ መሪው ከኪሱ መጨመር የለበትም። በዚያ ላይ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ ረጅም ዝምታ ያስገባሉ። ያ ጂ ሜጀር እኮ የተቀመጠው ቀጣዩ የትንሣኤ ክፍል በዲ ሜጀር፣ ከመለከቱና ከከበሮው ጋር፣ ወዲያው እንዲከተለው ነው። እስኪረሳ ከተጠበቀማ ምን ዋጋ አለው?