ዴልፍት የተማርነው፣ ጎንደር የምትጠይቀን

ከጎንደር የሚጽፉልኝ ልጆች ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው። «ኢንቫይሮመንታል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ውጭ ለመማር ምን ላድርግ?» ይላሉ። ስለ ስኮላርሺፕ፣ ስለ ቪዛ፣ ስለ እንግሊዝኛ ፈተና። አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። እኔ ባለሁበት ኔዘርላንድ፣ ዴልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከፍሎ ልማር የሚል የእኛ አገር ልጅ በዓመት ከ20,000 ዩሮ በላይ ይጠየቃል። ያለ ስኮላርሺፕ አይታሰብም። ትምህርቱ 2 ዓመት፣ 120 ክሬዲት ነው። ውጤት የሚሰጠው ከ10 ነው፤ 6 ማለፊያ ነው፣ 8 ያመጣ ጎበዝ ነው። አገር ቤት ኤ የለመደ ልጅ 7 ሲያይ እንዳይደነግጥ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ምን ጥያቄ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት?

ስለ ውሃው ላውራችሁ። ኔዘርላንድ ውስጥ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ክሎሪን የለውም። ለእኛ አገር ሰው ይሄ ይከብዳል፤ ክሎሪን የሌለው ውሃ ማለት ያልታከመ ውሃ ነው ብለን ነው ያደግነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1974 ሮክ የተባለ የሮተርዳም ውሃ ኬሚስት፣ ክሎሪን በወንዝ ውሃ ውስጥ ካለው ብስባሽ ጋር ሲገናኝ ክሎሮፎርምን የመሳሰሉ ጎጂ ውህዶች እንደሚፈጠሩ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ተዉት። ውሃውን በአሸዋ ያጣሩታል፣ በአልትራቫዮሌት ጨረርና በሌላም ዘዴ ያክሙታል። ይሄ ሁሉ የሚያዋጣቸው ግን ቧንቧቸው ቀንም ሌሊትም ሙሉ ስለሆነ ነው። ግፊቱ አይወርድም፣ የሚያንጠባጥበውም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የውጭ ቆሻሻ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም።

ጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሰፈሩ ይነሳል፤ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ሮቶው ይሞላል። ሲሄድ ቧንቧው ባዶ ይቀራል፣ ግፊቱም ይጠፋል፣ ያኔ በላላ መጋጠሚያ በኩል በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ፣ አጠገቡ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለም የእሱ ፍሳሽ፣ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ፈረቃው ሲመለስ ያ ሁሉ ተገፍቶ ቤት ይደርሳል። ከዚያ ደግሞ ሮቶው ፀሐይ ላይ ቆሞ ውሃው ቀናት ያስቆጥራል፣ ክሎሪኑም እየደከመ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ቤት ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል። አዘዞ ያለችው አክስቴ «አንተ ልጅ፣ የውሃ ትምህርት ተማርክ አይደል? ይሄ ሮቶ ስንት ቀን ቢቀመጥ ነው የማይጎዳን?» ብላኛለች። ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ እስካሁን አልሰማሁም። የዴልፍት ነዋሪ ይህን የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

የመማሪያ መጽሐፉ ቁጥርም ለሌላ ቦታ የተጻፈ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል ይላል፤ ያ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ወደ 7 ይወርዳል። በፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ የሚተነፍሱት ይህንኑ ኦክስጅን ነው። ታዲያ የእነሱን ማጣሪያ እንዳለ ገልብጣችሁ ብታመጡት አየር የሚነፋው ሞተር አይበቃም። በአንጻሩ ብርዳቸው ባክቴሪያውን ያደክመዋል፣ የእኛ አየር ግን ዓመቱን ሙሉ ለዘብ ያለ ነው። መሬት ከተገኘ ያለ ሞተር፣ በኩሬ ብቻ ብዙ ፍሳሽ ማከም ይቻላል።

ከእነሱ የምቀናበት ሌላ ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የውሃ ሸንጎ አላቸው። ሕዝቡ ተመራጮችን ይመርጣል፣ ለዚሁ ብሎ ለብቻው ግብር ይከፍላል፣ ቦዩንና ግድቡን በጋራ ይጠብቃል። ለጎንደር ውሃ የሚሰጠው የእኛ አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው። አፈሩ የሚታጠበው ከላይ ተዳፋቱን ከሚያርሰው ገበሬ ነው፣ ውሃ የሚጠማው ደግሞ ከታች ያለው ከተሜ ነው። ሁለቱ ቁጭ ብለው የሚመክሩበት እንዲህ ያለ ሸንጎ እኛ ጋ አላየሁም። እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ ከማንኛውም ማሽን በፊት መምጣት ያለበት ነገር ነው።

ደግሞም ሙያው ለጎንደር እንግዳ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1954 የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንንና ከነርስ ጋር ሳኒታሪያን ያሠለጥን ነበር። ሥራቸውም ውሃ፣ መጸዳጃ፣ የአካባቢ ንጽህና ነበር።

ስለዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቴዎድሮስ ግቢ ያላችሁ ልጆች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለኩ። የክሎሪን መለኪያ ኪስ የሚገባ ነገር ነው፤ ኪኒኗን ውሃው ውስጥ ትጨምራላችሁ፣ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ክሎሪን አለ ማለት ነው፣ በደመቀ ቁጥርም መጠኑ ይበዛል። ከማራኪ፣ ከፒያሳ፣ ከአዘዞ የተወሰኑ ቤቶችን ምረጡ። ውሃ በመጣ ዕለት፣ በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን መዝግቡ። ለስኮላርሺፕ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይም አካባቢን ምን ያህል እንደምትወዱ ከመተረክ ያንን ሠንጠረዥ አስገቡ። የሚያነቡት ፕሮፌሰሮች በእጃቸው የሌለ መረጃ ነው፣ ቆም ብለው ያዩታል።