እንስራው ቅርስ፣ ሠሪዋ «ጠይብ»

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ልበል።

እጃቸው ጭቃ የነካውን «ጠይብ»፣ ሲብስም «ቡዳ» እያልን ስንሸሽ ኖርን። በሠሩልን ምጣድ ጋግረን በላን፤ ማዕድ ግን አላጋራናቸውም። አሁን ደግሞ እንስራቸውን መስታወት ውስጥ አስገብተን «ቅርስ» እንለዋለን። ሠሪዋ እስካሁን ደጅ ናት።

ባለፈው አንዲት የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ይዤ አንድ ሙዚየም ገባሁ። እማማ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። እንስራው ፊት ቆሜ ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «የውኃ መቅጃ» ይላል። ዕድሜ ልካቸውን እንስራ ለሠሩ ሴት! እማማ ሰሙኝና ዝም አሉ። ቆይተው ጎንበስ ብለው፣ «ይኼማ ብዙ ወንዝ የወረደ ነው። ጆሮውን እየው፤ ገመድ በልቶታል» አሉ። ሆዱ ላይ ያለውን ጥቁር ጥላም አሳዩኝ። እኔ እድፍ መስሎኝ ነበር። ለካ ሲቃጠል ኩበቱ ተደግፎት፣ አየር አጥቶ ነው። «ቸኩላለች» አሉ ስለ ሠሪዋ፣ እንደሚያውቋት ሁሉ። ከኋላችን ሁለት ወጣቶች ሳቁ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣቸውም።

ምኑ ነው የሚያስቀው?

ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ድሮ ቤተ መንግሥት ነበር። ግቢው በ1954 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆነ፤ ዛሬ ትኬት የቆረጠ የጃንሆይን መኝታ ቤት ሳይቀር ያያል። ቀጨኔ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሽሮ ሜዳማ ዳገቱን መውጣት ብቻ ነው፤ የጋሞ ሸማኔዎች ጥለት ሲጥሉ ይውሉበታል። ከእነሱ ስንቱን «ና፣ ይኼን ቀሚስ አንተ ንገረን» ብለነዋል? ከውጭ እንግዳ ሲመጣ ግን ሙዚየም ለሙዚየም ስንዞር እንውላለን።

እናንተ የተማራችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ዝም በሉ። «ይኼ ምን ይባላል?» እያላችሁ አትፈትኗቸው። «ምን ታየዎት?» በሏቸው። በጋሞኛም ቢያወሩ ይቀዳ። ስልካችን ለቲክቶክ ሲቀዳ ይውል የለ? አምስት ደቂቃ ለሸክላ ሠሪዋ ይቅዳ፤ ከፈቀደች ለሙዚየሙ ሰዎች ስጡት። ትኬቱንም ታክሲውንም እናንተ ቻሉ፤ የቀን ገበያቸውን ትተው ነው የሚመጡት።

እማማን እንደገና ልውሰድዎት ብያቸው ነበር። «የሚስቁት ከሌሉ» አሉኝ።