ክብሪት የያዘ አለ?

ባለፈው ሳምንት መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ አንድ ወጣት ወደቀ። እንደኛው ተሰልፎ ነበር። ድንገት ጀርባው ተገተረ፣ ተዘረረ፣ ይንፈራገጥ ጀመር፤ የሚጥል በሽታ። ወዲያው ያ ከልጅነቴ ጀምሮ የምኮራበት ድምፅ ተሰማ። «ክብሪት! ክብሪት የያዘ አለ?»

ይህን ሕዝብ እንዴት አላደንቀው? አምቡላንስ የጠራ የለም። ስልክ ያወጡ ነበሩ፣ ግን ለመቅረጽ ነው። ክብሪት ፈላጊው ግን ልጁ ገና መሬት ሳይነካ ነው የጮኸው።

መጀመሪያ የቀረበው ላይተር ነበር። አንድ ጋቢ የለበሱ አባት በእጃቸው መለሱት። «ላይተር አይሆንም፣ ድኝ የለውም!» የጥራት ቁጥጥር ማለት ይህ ነው። ከሱቅ በደረቴው ክብሪት ተገዛ። ተጫረ፣ እፍ ተባለ፣ ጭሱ ወደ ልጁ አፍንጫ ተጠጋ። ጫሪው ክንዱን እስኪገነጠል ዘርግቷል። ለሃጩ ከነካ ይጋባል ይባላላ። የክብሪት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ታማሚውን ሳይነኩ ያክሙታል። ዓለም ስለ ርቀት ሕክምና ማውራት የጀመረው ትናንት ነው፤ እኛ በአንድ ክንድ ርቀት ስናክም ኖረናል።

ሦስተኛው እንጨት ላይ ልጁ ረጋ።

«አያችሁ?» አሉ አባት። አየን።

እዚህ ላይ አንድ ምቀኛ ሐኪም አይጠፋም። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል፣ ክብሪት ከመጫር ይልቅ ብታፏጩም ይቆማል ይላል። የድኝ ጭስ መተንፈሻን ይቆጣዋልም ይላል። ታማሚው አስም ካለበትማ ሁለት በሽታ በአንድ ክብሪት!

ለነዚህ ሰዎች መልሴ አጭር ነው። ታዲያ ክብሪቱ ሲጫር ለምን ቆመ?

ተመራማሪ የሚባል ሰው ግን በዚህ አይረካም። ለግማሾቹ ጭሬ፣ ለግማሾቹ ሳልጭር፣ በሰዓት ይዤ ልቁጠር ይላል። ምን ዓይነት አንጀት ነው? የኛ ጥናት ማነጻጸሪያ አያውቅም፣ ስለዚህ ከሽፎም አያውቅም። ልጁ ከተነሳ ክብሪቱ አዳነው። ካልተነሳ ክብሪቱ እርጥብ ነበር። ክብሪቱ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የክብሪት አይደለም፣ ጠበል ይወሰድ።

መቁጠር የሚወዱ ሰዎች እኛም አገር አልጠፉም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ60 ሺህ በላይ ሰው አዳረሱ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ፤ ከሺህ ሰው አምስት ያህል መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው አያውቁም። ይኸው ነው እንግዲህ፣ ይህን ሁሉ ደጅ አንኳኩተው። አንድ ክብሪት እንኳ አልጫሩም።

ገጠር ምድጃ ላይ የሚወድቀውስ? እሱንም ላለመንካት ዳር ቆሞ የሚያይ አለ። መቼም ጭሱ በቂው ነው ተብሎ ይሆናል።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። የጎረቤታችንን ልጅ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት በወሰደ በሳምንቱ ትኩሳት ያዘው፣ ከዚያም አንቀጠቀጠው። ቤቱ በሰው ሞላ። አንዷ ማንኪያ ጥርሱ መሃል ልታስገባ ታገለች። ሌላዋ በትኩሳት የሚነደውን ሕፃን በጋቢ ጠቀለለችው፣ ንፋስ እንዳይመታው። ክብሪትማ አይቀርም። ሦስተኛዋ በር ላይ እንደቆመች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፈረደች። «ክትባቱ ነው!»

ፍጥነቱን አያችሁ? ሐኪም ቢሆን እኮ ይንዛዛል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ከመቶ ሕፃናት ሁለት እስከ አምስቱን ትኩሳት ያንቀጠቅጣቸዋል ይላል። አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ያድጋሉ ይላል። የኩፍኝ ክትባት ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ሊያመጣ፣ ትኩሳቱም አልፎ አልፎ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል ብሎ ሳይደብቅ ይናገራል። ኩፍኙ ራሱ ግን የባሰ ትኩሳት አለው፣ አንጎልም ያቆስላል ይልና ጭራሽ ያደናግራል። በር ላይ የቆመችው ሴትዮ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ጨረሰችው።

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ የትክትክ ክትባት አንጎላቸውን ጎዳው የተባሉ 14 ታማሚዎች ተመረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ ሲታተም በ11ዱ ላይ ከባድ የሚጥል በሽታ የሚያመጣ የጂን ለውጥ ተገኘ። ክትባቱ ባይኖርም በሽታው አብሯቸው ነበር ማለት ነው። ይህን ለሴትዮዋ ነገርኳት። «የጂን ነገር ነው» አልኳት።

«ጂኒ መሆኑንማ ድሮም ብለናል!» አለችኝ።

እኔን በጣም የሚያሳፍረኝ ግን የሐኪሞቹ ቃል ማጠፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ለአለርጂ የተጋለጠ ልጅ እስከ ሦስት ዓመቱ ለውዝ እንዳይቀምስ መከሩ። የለንደን ተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ታዘቡ። የእስራኤል ሕፃናት ገና በጠዋቱ ባምባ የሚባለውን የለውዝ መክሰስ ይበላሉ፤ የለውዝ አለርጂያቸው ግን ለንደን ከሚያድጉት አይሁድ ሕፃናት በጣም ያነሰ ነው። (እስራኤል ያላችሁ ወገኖች ባምባን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ቤት ውስጥ ተደብቆ አይቆይም።) ከዚያ 640 ሕፃናት ተሰበሰቡ። ለግማሾቹ ለውዝ ተሰጠ፣ ግማሾቹ ተከለከሉ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከተከለከሉት ከመቶ 17 ያህሉ፣ ከበሉት ግን 3 ያህሉ ብቻ አለርጂ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ወጣ፣ ምክሩም ተገለበጠ።

ለዓመታት ቆጥሮ የራስን ምክር መገልበጥ! ምን ዓይነት ውርደት ነው? እኒያ ጋቢ የለበሱ አባት ቃላቸውን ሲያጥፉ ማን አይቷል?

መገናኛ ላይ የሆነውን አልጨረስኩም። አንዲት ቦርሳ ያነገተች ልጅ ሰውን ገፍታ ገብታ ነበር። ነጠላዋን አጣጥፋ ከወጣቱ ራስ ሥር አደረገች። አጠገቡ የነበረውን ድንጋይ ገፋች። አፉ ውስጥ ምንም አልከተተችም፣ እጁንም አልያዘችም። ሰዓቷን ብቻ ታያለች። «አምስት ደቂቃ ካለፈው ሆስፒታል ነው» አለች። ሲረጋ በጎኑ አስተኛችው።

«አንቺ ልጅ፣ አትንኪው! ይጋባብሻል!» ጮህንባት። አልሰማችም። ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም።

ወጣቱ ዓይኑን ገለጠ። ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። አፍንጫውን ዳሰሰ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ነገር ነበር። «ምንድነው የሚሸተው?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ከዚያ ስልኩን ፈለገ። ስልኩ የለም።

አባት ግን ደግ ናቸው። ቀሪውን ክብሪት ከነቀፎው ኪሱ ውስጥ ከተቱለት። ለሚቀጥለው።