ይቅርታ የጠየቅነው እኛ

የድሬ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። እኔም ከናንተው ነኝና ቁጣው ለራሴም ይድረሰኝ።

የጫት በርጫ ላይ ተቀምጠን መንግሥት የማናፈርስበት ከሰዓት የለም። ምርቃናው ሲገባ ሁላችንም ጠቅላይ ሚኒስትር ነን። ሕገ መንግሥቱን ገልጦ ያየ ግን ማን ነው? ከጸደቀበት ከኅዳር 29 ቀን 1987 ጀምሮ ዓመቱን ቁጠሩ። ያለው 106 አንቀጽ ነው፤ በሁለት በርጫ ያልቃል።

እስቲ ልጠይቅ። ድሬዳዋ ስንተኛው አንቀጽ ላይ ናት?

አትድከሙ፣ የለችም። አንቀጽ 47 ክልሎችን በስም ይጠራል። አንቀጽ 49 አዲስ አበባን ይጠራል። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ የምታገኟት ሐረር በሐረሪ ሕዝብ ክልልነቷ ተጽፋለች። ያንን ለመፋቅ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው እሺ ማለት አለባቸው። እኛስ? የቆምነው በ1996 በወጣ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 416 ነው። አዋጅ ደግሞ ፓርላማው እንደ ማንኛውም ሕግ በተራ ድምፅ ሊለውጠው ይችላል። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ እዚያ የሚላከው በክልል ምክር ቤቶች በኩል ስለሆነ ድሬ እንደ ከተማ ወንበር የላትም።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው «አቦ ተው፣ ድሬ እኮ ናት!» አለኝ። እሱን ፍርድ ቤት ይዘህ አትቀርብም፣ ወንድሜ።

ይህስ ይሁን፣ ስለ ከተማ ነው። በቤታችን የደረሰውን ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ነጂ ነው። ታሰረና አራት ቀን ሙሉ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ዋለ አደረ። ምን አደረግን? ሽማግሌ ሰበሰብን። ጋቢ ደርበን ጣቢያ ሄድን። «ልጅ ነው፣ ለኛ ስትሉ ይቅር በሉት» አልን። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው ይላል። የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ መንገዱ የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ጣቢያ ፍርድ ቤቱ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው! ሰዓቱን ያሳለፉት እነሱ፣ ይቅርታ የጠየቅነው እኛ። ከሽማግሌዎቹ አንድም ሰው «ሰዓቱ አልፏል» አላለም። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሲለቁት አመስግነን ወጣን። አመስግነን!

«መንግሥት የፈለገውን ያደርጋል» ትላላችሁ። የፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣን በአንቀጽ 51 አንድ በአንድ ተቆጥሯል፤ መከላከያው፣ የውጭ ግንኙነቱ፣ ገንዘቡ። ለእሱ ተለይቶ ያልተሰጠው የክልሎች ነው። አንቀጽ 9 ደግሞ ሕግም ይሁን ልማድ ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ፣ ከሕገ መንግሥቱ ከተቃረነ ተፈጻሚነት የለውም ይላል። ወሰኑ ተጽፎ ተቀምጧል። የተጻፈውን ሳናይ ባለሥልጣኑ የት ላይ እንዳለፈው በምን እናውቃለን?

ድሬ ፓርላማ የምትልከው ሁለት ሰው ነው። አንቀጽ 54 የመራጩን አመኔታ ያጣ አባል በሕግ መሠረት ከወንበሩ ይነሣል ይላል። የሁለቱንም ስም የምታውቁ እጅ አውጡ። እኔ የማውቀው አንዱን ነው፤ እሱንም ምርጫ ሰሞን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ፎቶ።