ቀለሃው ለደወል ቀረ፣ የበረረውስ?

አንደኛ ደረጃ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወል የመድፍ ቀለሃ ነበር። ግራር ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ዘበኛው በፌሮ ቁራጭ ሲመቱት ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። ቂጡ ላይ ዙሪያውን ፊደልና ቁጥር ተቀርጾበት ነበርና በእረፍት ሰዓት በጣታችን እየዳበስን ለማንበብ እንሞክራለን። ዘበኛችን በወጣትነታቸው መድፈኛ ነበሩ። ስንተራመስበት ሲያዩ፣ «እሱ እኮ ልብሱ ነው፤ ዋናው ሄዷል» ይሉናል።

ያኔ አልገባኝም። ኋላ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባነበብኩ ቁጥር ግን ቃላቸው ትዝ ይለኝ ጀመር፤ ታሪክ ጸሐፊው ሁሉ ስለ መድፉ እንጂ ስለሄደው ነገር ብዙ አይጽፍማ። እኛም ያው ነን። ቴዎድሮስ አደባባይ ከሴባስቶፖል አምሳያ ሥር ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ስለ ክብደቱ፣ ጋፋት ላይ ስለ መሠራቱ፣ እስከ መቅደላ ስለ መጎተቱ አሳምሮ ይነግራችኋል። ምን ሊተፋ ነበር ብሎ የጠየቀ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እኔ የምለው ይህን ነው። ከ1900 እስከ 1918 ባሉት ዓመታት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመድፍ ዓለም ከተፈለሰፈው ሁሉ የምድሩን ውጊያ ይበልጥ የቀየረው፣ በጥይቱ አፍንጫ ላይ በጥርስ የሚታሰር፣ ጭብጥ የሚያህል ዕቃ ነው፤ ፊውዝ። ቆጣሪያችን ውስጥ የሚቃጠለውን አይደለም። ጥይቱ የትና መቼ እንደሚፈነዳ የሚወስነውን ማለቴ ነው።

እንግሊዞች በ1914 ወደ ፈረንሳይ ሲሻገሩ ዋናው የሜዳ መድፋቸው ባለ 18 ፓውንዱ ነበር። ይዘውለት የሄዱት ጥይት አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሽራፕኔል። ስሙ የተወሰደው ሐሳቡን በ1780ዎቹ መሞከር ከጀመረው እንግሊዛዊ መኮንን ከሄንሪ ሽራፕኔል ነው። ዛሬ ማንኛውንም የፈንጂ ፍንጣሪ ሽራፕኔል የሚሉ አሉ፤ የያኔው ግን ሌላ ነገር ነበር። 375 ያህል የእርሳስ እንክብሎች የታጨቁበት፣ ከሥራቸው ጥቂት ባሩድ ያለበት ቀፎ ነው። ጥይቱ ጠላት ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ገና አየር ላይ ሳለ፣ ፊውዙ በመሐል ባለች ቀጭን ቱቦ እሳት ወደ ታች ይልካል። ባሩዱ ይነድና እንክብሎቹን በሙሉ ወደፊት ይዘረግፋቸዋል።

ፊውዙ ሰዓት የሚቆጥረው በባሩድ ነበር። ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ በውስጣቸው በተቦረቦረ ቦይ ባሩድ ተጠቅጥቆባቸዋል። ታችኛውን ቀለበት ሲያዞሩት እሳቱ የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል ወይም ያጥራል። መድፈኛው የታዘዘውን ቁጥር በቁልፍ አስተካክሎ ያጎርሳል። ለጥቂት ከሳተ እንክብሉ ወይ ከጠላት አናት በላይ ባክኖ ይቀራል፣ ወይ ከነቀፎው መሬት ይገባል። ገላጣ ሜዳ ላይ ለቆመ እግረኛ ከዚህ የከፋ መዓት አልነበረም። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ በ1914 መጨረሻ ገላጣ ሜዳ ላይ የሚቆም እግረኛ ጠፋ። ሁሉም ምሽግ ገባ።

ስለዚሁ ፊውዝ ሳልነግራችሁ የማላልፈው ነገር አለ። እንግሊዞች ቁጥር 80 የሚሉት ይህ ዕቃ የጀርመኑ ክሩፕ ኩባንያ ንድፍ ነው። የእንግሊዙ ቪከርስ ከጦርነቱ በፊት ፈቃድ ወስዶ፣ ለእያንዳንዱ ፊውዝ አንድ ሽልንግ ከሦስት ፔንስ ሊከፍል ተዋውሎ ነበር። የክሩፕ ፓተንት መሆኑን የሚገልጽ ምሕጻረ ቃልና 96/04 የሚል ቁጥር ይታተምበታል። ፊውዙ ማኅተሙን እንደያዘ ጀርመኖች ላይ ሲዘንብ ከረመ። ጦርነቱ ሲያልቅ ክሩፕ ሒሳቡን አቀረበ፤ 260,000 ፓውንድ! ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1926 በ40,000 ፓውንድ ተዘጋ። የጀርመን ወታደር ላለቀበት ዕቃ የጀርመን ኩባንያ የፓተንት ክፍያ ተቀበለ ማለት ነው። የደወላችንን ጽሑፍ ማንበብ አለመቻላችን አንዳንዴ ይቆጨኛል፤ ማን ለማን ምን ከፍሎበት ይሆን?

ምሽግ ለማፍረስ የሚፈነዳ ጥይት ያስፈልጋል። ፈንጂው ራሱ አዲስ አልነበረም። ፈረንሳዊው ኡዤን ቱርፓን በ1885 ፒክሪክ አሲድ ለጥይት መሙያ እንደሚሆን አሳይቷል፤ ፈረንሳዮች ሜሊናይት፣ እንግሊዞች ሊዳይት፣ ጃፓኖች ሺሞሴ አሉት። ጃፓኖች በ1905 ቱሺማ ላይ የሩሲያን መርከቦች የለበለቡት በዚሁ ነው። ክፋቱ፣ አሲዱ ብረት ሲነካ ትንሽ ምት የማይችል ጨው ይፈጥራል፤ ተኳሹንም አይምርም። ጀርመኖች ቀደም ብለው በ1902 ቲኤንቲ ወደሚባል ሌላ ፈንጂ ዞሩ። ቲኤንቲ ጨዋ ነው፤ ቀልጦ እንደ ሰም ይፈሳል፣ ቢወድቅም አይደነግጥም። እንግሊዞች ዘግይተው ተከተሏቸው፤ ሲያጥራቸው ከአሞኒየም ናይትሬት ጋር፣ ማዳበሪያ ከሚሠራበት ጨው ጋር ማለት ነው፣ ቀላቅለው አማቶል አሉት። ይህን ሲሞሉ የሚውሉት የፋብሪካ ሴቶች ቆዳቸው ቢጫ ስለሚሆን ካናሪ የሚል የወፍ ስም ወጣላቸው። በጁላይ 1918 እንግሊዝ አገር ቺልዌል ላይ አንዱ መሙያ ፋብሪካ ፈንድቶ 134 ሰው ገደለ። የእነዚህን ሴቶች ታሪክ ለብቻው ብመለስበት ይሻላል።

ጀርመኖች ደግሞ ሁለቱን ባንዴ እናግኝ ብለው የእርሳስ እንክብሉን በቲኤንቲ መሐል የደረደሩበት «የሁሉ ጥይት» ሠርተው ነበር። እንደ ሽራፕኔልም እንደ ፈንጂም ያገለግላል ተባለ። ለማምረት አስቸጋሪ፣ በሁለቱም በኩል ደካማ ሆኖ ተገኘና ተተወ።

በሜይ 1915 የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የጥይት እጥረቱን ገለጠው። መንግሥት ተናወጠ፤ ፖለቲከኛው ሎይድ ጆርጅ አዲስ የተቋቋመውን የጦር መሣሪያ ሚኒስቴር ያዘ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ቁጥር ሆነ፤ በሳምንት ስንት ተመረተ፣ በወር ስንት ተጫነ። የፋብሪካ ማሽን አይተው የማያውቁ ሠራተኞች፣ ትናንት ብስክሌት ወይም የልብስ ስፌት መኪና የሚሠሩ ፋብሪካዎች ፊውዝ መቁረጥ ጀመሩ። ፊውዝ ደግሞ የሰዓት ሠሪ ሥራ ነው። ፀጉር የምታህል ስሕተት አንዱን አፈሙዝ ውስጥ ታፈነዳዋለች፣ ሌላውን ጭቃ ውስጥ ድንጋይ አድርጋ ታስቀረዋለች።

ውጤቱ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሶም በተባለው ግንባር ላይ ታየ። ከጁን 24 ቀን 1916 ጀምሮ ሳምንት ሙሉ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ጥይት ተተኮሰ። የሚበዛው ሽራፕኔል ነበር፤ እሾሃማውን ሽቦ ይቆርጣል ተብሎ። የሚፈነዱት ትልልቆቹ ደግሞ ፊውዛቸው የሚነሳው ጥይቱ መሬት ነክቶ ሲንገጫገጭ ስለሆነ፣ እሳቱ እስኪደርስ ጥይቱ አፈር ውስጥ ይሰጥማል። አፈሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሽቦው አብሮ ይነሳል፣ ተመልሶ እዚያው ይወርዳል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ ተወሳስቦ። ከሦስቱ አንዱ ያህል ጭራሽ አልፈነዳም የሚል ግምት አለ። ጁላይ 1 ጠዋት እግረኛው ከምሽጉ ወጣ። በዚያች አንዲት ቀን 57,470 የእንግሊዝ ጦር አባላት ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ጠፉ፤ ከነሱ 19,240 የሞቱ ናቸው።

መልሱ ቁጥር 106 የተባለው ፊውዝ ነበር። ከፈረንሳዮች ሐሳብ ተነስተው እንግሊዞች ሠሩት፤ በ1916 መጨረሻ ተሞከረ፣ በኤፕሪል 1917 እዚያው ፈረንሳይ፣ አራስና ቪሚ ላይ በብዛት ተተኮሰ። ጠጋ ብለን እንየው። ከጥይቱ አፍንጫ አንዲት የብረት ዘንግ ብቅ ብላለች፤ ጫፏ ሰፋ ያለ መዶሻ ነው። አንገቷ ላይ ቀጭን የነሐስ ጥብጣብ ተጠምጥሞባታል፤ ይህ ጥብጣብ እያለ መዶሻዋ ወደ ውስጥ መግባት አትችልም። ከላይ ክዳን አለው። መድፈኛው ክዳኑን አውልቆ ያጎርሳል። ጥይቱ ከአፈሙዙ እየሾረ ሲወጣ ጥብጣቡ ከእንዝርት እንደሚፈታ ፈትል ተተርትሮ አየር ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ መዶሻዋን የያዘ አንዲት ቀጭን ማሰሪያ ብቻ ነው። ሽቦም ይሁን የሳር ጉቶ የነካች እንደሆነ ጥይቱ አፈር ሳይቀምስ እዚያው መሬት ላይ ይፈነዳል። ፍንጣሪው እንደ ማጭድ ወደ ጎን ይሄዳል። ሽቦው ይበጣጠሳል፤ መሬቱ ግን እምብዛም አይቆፈርም፣ ስለዚህ ተከትሎ የሚሮጠው እግረኛ ጉድጓድ ውስጥ አይዳክርም።

በቃ ይኸው ነው። ታንክ በሴፕቴምበር 1916 ፍሌር ላይ ብቅ ሲል ዓለም ጉድ አለ፤ እስከ ዛሬም ሐውልቱ፣ ሙዚየሙ፣ ዘጋቢ ፊልሙ የታንክ ነው። አብዛኛው ቀን ታንክ በሌለበት ሽቦ የቆረጠው ግን ይህ ጥብጣብ ነበር። ፊውዙ ብቻውን አላሸነፈም የሚለኝ ቢኖር እስማማለሁ። የጠላትን መድፍ በድምፁ የሚያገኙበት ዘዴ፣ የተሻለ ካርታ፣ የአየሩን ሁኔታ አስልቶ መተኮስ፣ ሁሉም በዚያው ዓመት በስሏል። ቁጥር 106 ጥልቅ ዋሻ ውስጥ የተኛን ጀርመናዊም አይነካም። የማልቀበለው «የጥይት ብዛት አሸነፈ» የሚለውን ነው። ብዛቱማ ሶም ላይም ነበረ።

የዚህ ብልሃት ሌላ ፊት እኛ ዘንድ ደርሷል። ኢጣሊያ በ1935 እና 1936 በወረረችን ጊዜ የሰናፍጭ ጋዝ የጫነው ትልቁ የአውሮፕላን ቦምብ ጊዜ ቆጣሪ ፊውዝ ነበረው፤ ከመሬት 250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተሰንጥቆ ፈሳሹን እንዲያዘንብ ተደርጎ የተሠራ። አምባ አራዶም ላይ መድፈኞቻቸው አርሲን የሚባል መርዝ የተሞላ ጥይት ተኩሰዋል። ቀፎው፣ ቀለበቱ፣ የፍንዳታው ከፍታ፣ ሁሉም የዚያው የ1914ቱ ትምህርት ልጅ ነው። የተለወጠው በእርሳስ እንክብሉ ቦታ የገባው ነገር ብቻ ነው።

ስለማይፈነዳው ጥቂት ልበል። ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር አካባቢ ገበሬ ሲያርስ ማረሻው ብረት ይነካል። ያወጣውን ጥይት ከማሳው ዳር፣ ብዙ ጊዜ የመብራት ምሰሶ ሥር፣ ያስቀምጠዋል፤ ከፑልካፔለ የሚመጡ ፈንጂ አምካኝ ወታደሮች ይሰበስቡታል። በየዓመቱ ከ100 ቶን በላይ። በ2014 እዚያው ኢፕር የግንባታ ሥራ ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥይት ሞተዋል። ጦርነቱ ከተጀመረ 100 ዓመት በሞላው ዓመት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ሳጥን ውስጥ ያለ ያልተተኮሰ ጥይት ያስፈራናል፤ ሜዳ ላይ ዝጎ የወደቀው ግን «ያረጀ ነው፣ ሞቷል» እንላለን። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሳጥን ውስጥ ያለው ክዳኑም ጥብጣቡም አለ። ሜዳ ላይ የወደቀው ከአፈሙዝ ወጥቷል፣ ሾሯል፣ ማሰሪያዎቹን አየር ላይ ጥሏል፤ የቀረው መምታት ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ፊውዞች ከቁጥር 106 ቢራቀቁም አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ ነው የሚነቁት። ከ2020ው ጦርነት ወዲህ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ከብት የሚጠብቁ ልጆች ባልፈነዱ ተተኳሾች እጅና እግራቸውን እያጡ ነው፤ የሞቱም አሉ። አንዱ ልጅ ለጨዋታ ያነሳዋል፣ ሌላው ለቆራሌ ሊሸጠው በድንጋይ ይቀጠቅጠዋል።

የትምህርት ቤታችን ደወል አሁንም እዚያው ግራር ላይ ነው አሉ። ዘበኛችን ካረፉ ቆይተዋል። ከዚያ ቀለሃ ተለይቶ የሄደው የት እንደወደቀ፣ ይፈንዳ አይፈንዳ፣ እሳቸውም አልነገሩን፣ እኛም አልጠየቅናቸውም።