የአንቶኒ ሆፕኪንስ ሁለተኛ ኦስካር ስህተት አልነበረም

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2021 የኦስካር አዘጋጆች የቆየውን ልማድ ገለበጡት። መደምደሚያ ይሆን የነበረው የምርጥ ፊልም ሽልማት ቀደም ብሎ ተሰጠና የምርጥ ወንድ ተዋናይ ሽልማት መጨረሻ ላይ ቀረበ። አብዛኛው ሰው የጠበቀው በ2020 ገና በ43 ዓመቱ በካንሰር ያረፈው ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን ተሸልሞ ምሽቱ በመታሰቢያ እንደሚዘጋ ነበር። ፖስታው ሲከፈት የተጠራው የ83 ዓመቱ አንቶኒ ሆፕኪንስ ሆነ። እሱ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ አገሩ ዌልስ ተኝቷል። ዝግጅቱ ያለ ተሸላሚና ያለ ንግግር ድንገት አለቀ።

ቅሬታው ዛሬም አልበረደም። «ለዕድሜው የተሰጠ ሽልማት ነው» የሚሉ አሉ፤ «የሟቹን ነጠቁት» የሚሉም አሉ። ሆፕኪንስ ራሱ በማግስቱ ከዌልስ ባስተላለፈው አጭር ቪዲዮ ሽልማቱን እንዳልጠበቀ ተናግሮ ቦዝማንን በክብር አንስቷል። የምሽቱን ቅደም ተከተል የቀየሩት ሰዎች በእርግጥ ተሳስተዋል፤ የሟችን ቤተሰብ ለእንዲህ ያለ ድንጋጤ ማጋለጥ አልነበረባቸውም። ድምፅ የሰጡት ግን አልተሳሳቱም። ይህን የምለው ለአንጋፋነቱ አዝኜ ሳይሆን ለሽልማቱ ባበቃው ፊልም «ዘ ፋዘር» ላይ የሠራው ሥራ እንዴት እንደተሠራ ስለሚታየኝ ነው።

ፊልሙን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ፍሎሪያን ዜለር ሲሆን መነሻው የራሱ የመድረክ ተውኔት ነው። የመርሳት ሕመም ያጠቃቸውን አዛውንት ስም ሆን ብሎ «አንቶኒ» አደረገው። ገጸ ባሕርይው የሚናገረው የልደት ቀን እንኳ የተዋናዩ የራሱ ነው፤ ታኅሣሥ ማለትም ዲሴምበር 31 ቀን 1937።

አንድ ትዕይንት ብቻ ልውሰድ። ልጃቸው አዲስ ተንከባካቢ አምጥታላቸዋለች። ሽማግሌው ሞቅ ብለው ይቀበሏታል፣ ውስኪ ይቀርባል፣ ዳንሰኛ ነበርኩ ብለው ጫማቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ ያሳዩዋታል። ልጅቷ ትስቃለች። ሌላዋን ልጃቸውን እንደምትመስል ይነግሯታል። ቀጥሎ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፍጥነት፣ የምትመስያት በዚህ ከንቱ ሳቅሽ ነው ይሏታል። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ሆፕኪንስ እዚህ ቦታ ላይ አይጮህም፣ ቅንድቡን አይሰበስብም፣ «አሁን ልቆጣ ነው» የሚል ምልክት አይሰጥም። ደግነቱና ጭካኔው በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ያስታመመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ቁጣው ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው።

ይህ ከየት መጣ? ሆፕኪንስ ደጋግሞ እንደተናገረው አንድ ድርሰት ሲሰጠው ከ200 ጊዜ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ማለት ነው። ብዙ ወጣት ተዋናዮች ይህን ሲሰሙ ነገሩ የማስታወስ ችሎታ ጉዳይ ይመስላቸዋል። ቃሉን ለመያዝ ብቻ ቢሆን 30 ጊዜ ማንበብም ይበቃ ነበር። ልዩነቱ ካሜራ ፊት ላይ ይታያል። ቃለ ተውኔቱን በከፊል የያዘ ተዋናይ የሚቀጥለውን ቃል ሲፈልግ ዓይኑ ለቅጽበት ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሸሻል። መድረክ ላይ 15ኛ ረድፍ የተቀመጠ ተመልካች ይህን አያይም። ፊት ብቻ ስክሪኑን ሲሞላው ግን ያቺ ሽሽት ትልቅ ክስተት ትሆናለች። ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባያውቀውም «ይህ ሰው እየተወነ ነው» ይላል።

የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ለመጫወት ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ገጸ ባሕርይው ቃል ይጠፋበታል፤ ተዋናዩ ግን አንድም ቃል ሊጠፋበት አይገባም። ፍለጋው የአዛውንቱ መሆኑ ቀርቶ የተዋናዩ ከሆነ ትዕይንቱ ይሞታል። በዚያ ላይ ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል ላይቀረጽ ይችላል፤ በእያንዳንዱ ቀን አእምሮው ምን ያህል እንደተሸረሸረ በልኩ ማወቅ የተዋናዩ ዕዳ ነው። ዕድሜው 80ን አልፎ ይህን የተሸከመ ሰው የተሸለመው በይሉኝታ ነው ማለት ለእኔ ግፍ ነው።

በ1997 በወጣው «አሚስታድ» ላይ የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስን ሲጫወት ሰባት ገጽ የሚሆን የፍርድ ቤት ንግግር በቃሉ ይዞ በአንድ ቀረጻ ማቅረቡ ይታወቃል። ይህም የዚያው ደጋግሞ የማንበብ ፍሬ ነው።

የሥራ ልማዱ የተገራው በመድረክ ነው። ፖርት ታልቦት አጠገብ ማርጋም የተወለደ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት ደካማ ተማሪ ነበር። ካርዲፍ ተማረ፣ ብሔራዊ ውትድርናውን ጨረሰ፣ ለንደን ሮያል አካዳሚ ኦፍ ድራማቲክ አርት ገባ። በ1965 ሎረንስ ኦሊቪየር የሚመራው ናሽናል ቲያትር ተቀበለው። ለመፈተኛ ካቀረባቸው አንዱ የኦቴሎ መነባንብ ነበር፤ ኦቴሎን በዚያ ሰሞን መድረክ ላይ የሚጫወተው ደግሞ ፊቱ የተቀመጠው ፈታኙ ኦሊቪየር!

እዚያ ተተኪ ተዋናይ ሆነ። የተተኪ ሥራ ምስጋና የለውም፤ የሌላውን ሰው ቃል፣ መግቢያና መውጫ፣ የቆመበትን ቦታ ሁሉ ታጠናለህ፣ ከዚያም ምናልባት አንድም ቀን ሳትጠራ ትቀራለህ። በ1967 ኦሊቪየር ትርፍ አንጀቱ ታመመና ሆፕኪንስ በስዊድናዊው ጸሐፌ ተውኔት ስትሪንድበርግ «የሞት ጭፈራ» የመሪ ተዋናዩን ቦታ ተካ። ኦሊቪየር በኋላ በማስታወሻው ወጣቱ ሚናውን ድመት አይጥ ነክሳ እንደምትሄድ ይዞት እንደሄደ ጽፏል።

ሆፕኪንስ ግን መድረኩን በሰላም አልያዘውም። በ1973 «ማክቤዝ»ን መሐል ላይ ጥሎ ሄደ። መጠጡ ከባድ ነበር፤ ያቆመው በ1975 ዲሴምበር 29 ነው። የመድረክ ወዳጆች መድረኩን ጥሎ መሄዱን እንደ ክህደት ሲቆጥሩት እሰማለሁ። ክህደት አልለውም። በ1985 ናሽናል ቲያትር ተመልሶ በ«ፕራቭዳ» የጋዜጣ ባለቤቱን ሲጫወት፣ ከዚያም የሼክስፒርን ንጉሥ ሊርን፣ በ1987 ከጁዲ ዴንች ጋር «አንቶኒ እና ክሊዮፓትራ»ን ሲሠራ ከአንድ ሺህ በላይ መቀመጫ ያለውን የኦሊቪየር አዳራሽ ምሽት በምሽት ሞልቷል። ዕዳም ካለበት ያኔ ከፍሏል።

ከዚህ አዳራሽ ወደ ካሜራ የሚመጣ ተዋናይ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው መቀነስ ስለማይችል ነው። የኋላ ረድፍ እንዲሰማው የለመደው ድምፅ ማይክሮፎን አጠገብ ጩኸት ይሆናል፤ ቅንድቡ ብቻውን ይናገራል። ሆፕኪንስ በ1968 «ዘ ላየን ኢን ዊንተር» ላይ አብራው የሠራችው ካትሪን ሄፕበርን ትወናውን ትቶ ቃሉን ብቻ እንዲናገር መከረችው። ምክሩ ውጤቱን ያሳየው በ1991 ነው። «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» ውስጥ እሱ የሚጫወተው እስረኛ፣ ሰው በላው ነፍሰ ገዳይ ሐኒባል ሌክተር የሚታየው 16 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አዘጋጁ ጆናታን ዴሚ መጀመሪያ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ሲጠይቀው ሆፕኪንስ የመረጠው ቆሞ መጠበቅን ነው። ወጣቷ መርማሪ እብዶቹ እየጮሁባት መተላለፊያውን ታልፋለች፤ መጨረሻው ክፍል ስትደርስ እሱ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ፣ እጆቹን ጎኑ ላይ አድርጎ ቆሟል። ካሜራውን በቀጥታ ያያል፣ ዓይኑን እምብዛም አያርገበግብም። ከዚያ ወዲህ የመጡ አስመሳዮች የወሰዱት ያልተርገበገበውን ዓይን ብቻ ነው። የሰውየውን ጨዋነት፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው አክብሮ መጠበቁን ተዉት፤ አስፈሪነቱ ያለው ግን እዚያ ነው።

ለእኔ ከሌክተር የሚበልጥብኝ በ1993 የሠራው የእንግሊዝ ባላባት ቤት አሽከሮች አለቃ ነው፣ «ዘ ሪሜይንስ ኦቭ ዘ ዴይ» ላይ። ለዚህ ሚና ያማከረው በዕድሜ የገፋ የሙያው ሰው፣ ጥሩ አሽከር ክፍል ውስጥ ሲገባ ክፍሉ ይበልጥ ባዶ መምሰል አለበት ብሎታል። የቤቱን ሴት ሠራተኞች አለቃ የምትጫወተው ኤማ ቶምፕሰን ምን እንደሚያነብ ለማየት መጽሐፉን ከእጁ ስታላቅቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትፈታለች። እሱ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ዓይኑ ብቻ ፊቷ ላይ ቀርቷል። አይነካትም፣ አይሸሽም፣ አይተነፍስም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ «ዘ ፋዘር» መጨረሻ እንመለስ። ሊርን በመድረክ ገና በ40ዎቹ መጨረሻ፣ በ2018 ደግሞ በቴሌቪዥን ፊልም በ80 ዓመቱ የተጫወተው ሰው የአረጋውያን ማቆያ ክፍል ውስጥ ፒጃማ ለብሶ ተቀምጧል። ማን እንደሆነ ይጠይቃል። እናቱን ይፈልጋል። ያ ትልቅ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ ቀስ በቀስ እየሳሳ የሕፃን ይሆናል፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ትከሻው ይወድቃል፣ ነርሷ ወደ ደረቷ ታስጠጋዋለች። ካሜራው ይተዋቸውና በመስኮቱ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ሞልተው በነፋስ ይወዛወዛሉ።