ኮሚክስ የሚያነብ ልጅ እያነበበ ነው

ሰሞኑን የወጣቶች የንባብ ውድድር ያዘጋጁ ሰዎች ደንባቸውን ይፋ ሲያደርጉ፣ ኮሚክስ (በተከታታይ ሳጥኖች ውስጥ በተሳሉ ሥዕሎችና በአጭር ጽሑፍ የሚነገር ታሪክ)፣ ማንጋ (የጃፓን ኮሚክስ) እና ሥዕላዊ ልቦለድ (በኮሚክስ መልክ የተሠራ ልቦለድ ወይም ረጅም ታሪክ) “እንደ ተነበበ መጽሐፍ አይቆጠሩም” የሚል አንቀጽ አስገቡበት። አስተባባሪው ለምን ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ደግሞ ከደንቡ የባሰ ነው። “ሥዕል ምናብን ያሰንፋል። ልጁ ማሰብ ያለበት ነገር ተስሎ ከቀረበለት እሱ ምን ይሠራል?” አሉ። ተከታታይ ፊልሞችንም አልማሩም፤ ወጣቱን ከመጽሐፍ ያራቁት እነሱ ናቸው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔን ያናደደኝ ጭብጨባው ነው። አንድ ሰው ያልገባውን ነገር ቢናገር ስህተቱ የራሱ ነው። “ንባብ ይስፋፋ” ብሎ የተሰበሰበ ሰው ግን የሚያነቡ ልጆች “እናንተ አታነቡም” ሲባሉ እጁን ካጨበጨበ ነገሩ ሥር ሰዷል ማለት ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ልጁ መጽሐፉን በእጁ ይዟል፤ ከምሽቱ እስከ እኩለ ሌሊት አልተነሳም፤ ቀጣዩን ቅጽ ፍለጋ ከጓደኛ ጓደኛ ይዞራል። ይህን ልጅ አንባቢ አይደለህም ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል፤ ድፍረቱ ደግሞ ከዕውቀት የመጣ አይደለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከምናቡ ልጀምር። ሥዕል ምናብን ያሰንፋል የሚል ሰው አንዲት የኮሚክስ ገጽ እንኳ በወጉ አንብቦ አያውቅም። ይህን በእርግጠኝነት የምለው፣ ያነበበ ሰው እንዲህ ሊል ስለማይችል ነው። ኮሚክስ ላይ ታሪኩ በአብዛኛው የሚሄደው ሥዕሎቹ ውስጥ አይደለም፤ በአንዱ ሳጥንና በሚቀጥለው መካከል ባለው ነጭ ክፍተት ነው። በአንደኛው ሳጥን አንዲት ሴት የስልክ እጀታ አንስታ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። በሁለተኛው እጀታው በገመዱ ተንጠልጥሏል፤ ወንበሩ ባዶ ነው። በመካከሉ ምን ተነገራት? ደቂቃ ነው ያለፈው ወይስ ሰዓት? ጮኸች ወይስ ድምፅ ሳታሰማ ወጣች? ሠዓሊው አልሳለውም፤ ደራሲውም አልጻፈውም። የሚሞላው አንባቢው ነው። ገጹ ስድስት ሳጥን ካለው ይህን ሥራ አምስት ጊዜ ይሠራል፤ ገጹን ይገልጥና እንደገና ይጀምራል።

አሜሪካዊው የኮሚክስ ሠዓሊ ስኮት ማክላውድ ኮሚክስ እንዴት እንደሚሠራ ራሱን በኮሚክስ መልክ ያስረዳበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትሟል። እዚያ ውስጥ ይህንኑ ነገር በሁለት ሳጥን ያሳያል። በመጀመሪያው አንድ ሰው ሌላውን ለመምታት መጥረቢያ ከፍ አድርጎ ይዟል። በሁለተኛው የሌሊት ከተማና ጩኸት ብቻ ነው ያለው። መጥረቢያው ሲያርፍ አልተሳለም፤ የጮኸውም ማን እንደሆነ አልተነገረም። እኔ መጥረቢያውን አንስቼ ሳልኩ እንጂ የጣልኩት እኔ አይደለሁም፣ ግድያውን የፈጸምከው አንተ አንባቢው ነህ ይላል ማክላውድ። ልጁ ምን ይሠራል ብለው ለጠየቁት አስተባባሪ ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም።

ማወዳደር ከተፈለገ ደግሞ በትክክል እናወዳድር። ብዙ የቃላት ልቦለድ የገጸ ባሕርይውን ሐሳብ ከጭንቅላቱ አውጥቶ ያነብልናል፤ ለምን እንዳለቀሰ፣ በልቡ ምን እንዳሰበ፣ ዓይኑ ምን ዓይነት እንደነበር አንድ በአንድ ይነግረናል። ይህን ስል ልቦለድን ለማንኳሰስ አይደለም፤ ሕይወቴን ሙሉ ልቦለድ አንባቢ ነኝ። ግን “ተዘጋጅቶ የቀረበ” የሚለው ክስ ከተነሳ፣ ፊቱን ብቻ አሳይቶ በልቡ ያለውን አንተ ድረስበት የሚለው ኮሚክስ ነው ወይስ ሁሉንም የሚተርከው? ክሱ ባለቤቱን ስቷል።

አንድ ገጽ በቅርብ እንየው። አሜሪካዊው የኮሚክስ ሠዓሊ አርት ስፒግልማን “ማውስ” በተሰኘው ሥራው የወላጆቹን የናዚ ዘመን ሕይወት ሲተርክ አይሁዶችን በአይጥ፣ ጀርመኖችን በድመት፣ ፖላንዳውያንን በአሳማ መልክ ይስላቸዋል። አባትና እናቱ ተደብቀው በመንገድ በሚሄዱበት ቦታ ሁለቱም የአሳማ ጭምብል አድርገዋል፤ ፖላንዳዊ መስለው ማለፍ አለባቸው። አባትየው የእናትየው መልክ ከእሱ ይልቅ እንደሚያሳብቅባት ይናገራል። ሥዕሉን ስናይ ከኮቷ ሥር ጅራት ተንጠልጥሏል። አንዲት ሴት ፊቷን ሸፍና ስትሄድ አካሏ ሊያስገድላት መሆኑ በዚያች ቀጭን መስመር ውስጥ አለ። ጅራቷን ያየ አንባቢ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሳጥን ከኋላዋ ማን እንዳለ እየተጨነቀ ነው የሚያነበው። እንዲጨነቅ ማንም አላዘዘውም።

እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ሁለተኛው ቅጽ ደግሞ ደራሲው ራሱን ይስላል፤ የሥዕል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ግን የአይጥ ጭምብል አስሯል። ዝንቦች ይዞሩታል። ስለ መጽሐፉ ስኬት ይናገራል፤ ዓይናችን ወደ ታች ሲወርድ ከጠረጴዛው ሥር የአይጥ አስከሬን ተከምሯል። የሞቱትን ሰዎች ታሪክ ጽፎ የታወቀ ሰው የሚሰማውን ጸጸት በቃላት ለመግለጥ ስንት ገጽ ይፈጃል? እዚህ አንድ ጊዜ ዓይንን ወደ ታች ማውረድ በቃ። ይህ ምናብን ያሰንፋል የሚለኝ ሰው ካለ፣ መጽሐፉን ዘርግተን ጎን ለጎን እንቀመጥና ያሳየኝ።

ማውስ እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካውን ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። የኒክ ድርናሶ “ሳብሪና” ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዙ የልቦለድ ሽልማት የቡከር የመጀመሪያ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ሥዕላዊ ልቦለድ ሆኗል። ሽልማት ሁሉ ትክክል ነው አልልም። ግን በዓለም ላይ በጥብቅነታቸው የሚታወቁ ዳኞች መጽሐፍ ነው ብለው ያነበቡትን፣ የወጣቶች ውድድር አዘጋጆች መጽሐፍ አይደለም ለማለት የበለጠ ምን አንብበው ነው?

ይህ ፍርሃት አዲስ አለመሆኑም ሊያሳፍረን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ልጆች ኮሚክሳቸውን እየሰበሰቡ በአደባባይ እንዲያቃጥሉ ተደርጓል፤ አስተባባሪዎቹ መምህራንና ወላጆች ነበሩ፤ እነሱም ለልጆቹ አስበው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ዌርተም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክስ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ጠርቶ አዳመጠው። አሳታሚዎቹ ደንግጠው በዚያው ዓመት ራሳቸውን በራሳቸው የሚያንቁበት ደንብ አወጡ። መልካም ሁልጊዜ ክፉን ማሸነፍ አለበት ተባለ፤ በርካታ አሳታሚዎችም ከገበያ ወጡ። ብዙ ዓመት አልፎ የሐኪሙ ሰነዶች ለተመራማሪዎች ሲከፈቱ ካሮል ቲሊ የተባለች ምሁር አገላብጣ ያየችውን እ.ኤ.አ. በ2012 ጻፈች። ዌርተም የልጆቹን ቃል ለውጦታል፤ የተለያዩ ልጆችን ንግግር ቀላቅሏል፤ አጋኗል። አንድ ሙሉ የጥበብ ዘርፍ ለአሥርት ዓመታት የታሰረው በተዛባ ማስረጃ ነው። የዛሬዎቹ ከሳሾች ማስረጃ እንኳ አላቀረቡም፤ “ምናብን ያሰንፋል” ብለው ቁጭ አሉ።

መከልከሉ ምን እንደሚያመጣም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የማክሚን አውራጃ የትምህርት ቦርድ ማውስን በጸያፍ ቃላትና በአንዲት የእርቃን ሥዕል ሰበብ ከክፍል ትምህርት አስወጣው። አሥሩም አባላት በአንድ ድምፅ ወሰኑ። በሳምንታት ውስጥ መጽሐፉ በኢንተርኔት ገበያ ከሁሉም በላይ ከሚሸጡት ተርታ ገባ። ልጆች የተከለከለውን ፈልገው ያነባሉ፤ ያን ጊዜ አብሯቸው የሚያነብና የሚያወያያቸው መምህር አይኖርም። የቦርዱ አባላት ያተረፉት ይህንን ነው።

“እውነተኛው መጽሐፍ” የሚባለውስ ንጹሕ ዘሩ ከየት ነው? እንግሊዛዊውን ደራሲ ቻርልስ ዲከንስን ዝነኛ ያደረገው የመጀመሪያ ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1836 ሲጀመር የታሰበው ለሥዕል ማጀቢያ ነበር። ሮበርት ሲይሞር የተባለ ሠዓሊ ተከታታይ ሥዕሎች ሊሠራ፣ ወጣቱ ዲከንስ ደግሞ ከሥራቸው ጽሑፍ ሊያስገባ ነው ውሉ። ሲይሞር በጅምሩ ሞተ፤ ጽሑፉ ገዘፈ፤ ሆኖም ሥዕሉ በሌላ ሠዓሊ እጅ ቀጠለ። ልቦለዱ የወጣው በየወሩ በክፍል በክፍል ነበር፤ አንባቢው በጉጉት እየጠበቀ። ሥዕል፣ ተከታታይ ክፍል፣ የሚያንጠለጥል መጨረሻ፤ ዛሬ ለማንጋና ለተከታታይ ፊልም ነውር የተደረጉት ነገሮች ሁሉ እዚያ አሉ። ዛሬ ዲከንስ በየትም አገር የሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ይሰጣል። በዚህ ውድድር ደንብ ቢዳኝ በየወሩ የሚወጣ ሥዕል ያለበት ጥራዝ ነውና ከበር ይመለስ ነበር።

ተከታታይ ፊልሙን በተመለከተ ብዙ አላወራም፤ ክሱ ራሱ እርስ በርሱ ይጋጫልና። ወጣቱ ትኩረት የለውም፣ አሥር ደቂቃ አንድ ቦታ አይቀመጥም ይሉናል፤ እዚያው ላይ አንድ ታሪክ ይዞ ስምንትና አሥር ሰዓት ተቀምጦ ይውላል ይሉናል። የቱን እንመን? በመጀመሪያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችን ቁልፍ በሰባተኛው ክፍል ሲያያት “ያቺ ናት!” ብሎ የሚነሳ ልጅ ያለ ጥርጥር ትኩረት አለው። ታሪክ መከተል፣ ሰው መጠርጠር፣ ፍርድን ማቆየት ይችላል። በልቦለድም የምንፈልገው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮሪያው ተከታታይ ፊልም “ስኩዊድ ጌም” ዓለምን ሲያዳርስ ስንት ሰው ኮሪያኛ ሳያውቅ ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ ጨረሰ! በደቂቃ ስንት መስመር ያነበበ ዓይን ንባብ ጠላ ይባላል?

ደካማ ኮሚክስ የለም ወይ ቢባል፣ አለ። ለገንዘብ ብቻ የተጎተተ ተከታታይ ፊልምም ሞልቷል። ደካማ ልቦለድም ቤተ መጻሕፍት ሙሉ አለ፤ እሱን ከውድድር ያስወጣ ደንብ ግን አላየሁም። ውድድሩ የረባ ዳኛ ካለው፣ ዳኛው ልጁን ስላነበበው ነገር ይጠይቀው። ምን ተረዳህ፣ ማንን አመንክ፣ የት ላይ ተታለልክ፣ መጨረሻው ለምን እንዲያ ሆነ ይበለው። መልስ ያጣ ልጅ በአምስት መቶ ገጽ ልቦለድም ይወድቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ለወዳጆቻችን መንገር አለብኝ። ደንቡን ከተቃወሙት መካከል ጥቂቶች “ኮሚክስን ፍቀዱላቸው፤ ወደ እውነተኛው መጽሐፍ መሸጋገሪያ ድልድይ ይሆናቸዋል” ሲሉ ሰምቻለሁ። ለበጎ እንደተናገሩት አውቃለሁ፤ ግን ይህ መከላከያ ከክሱ አይሻልም። ከሳሹ “ዝቅተኛ ነው” ሲል እናንተም “አዎ ዝቅተኛ ነው፣ ግን ይጠቅማል” ብላችሁ ፈረማችሁለት። ስፒግልማን ታሪኩን በሳጥንና በጅራት የነገረን በቃላት መጻፍ አቅቶት ወደዚያ እያዘገመ ስለነበር አይደለም። ያንን ታሪክ በሌላ መንገድ እንዲህ መንገር ስለማይቻል ነው። ዛሬ በአሥራ አራት ዓመቱ ማንጋ የሚያነበው ልጅ በአርባ ዓመቱም ሲያነብ ቢገኝ የትም አልቀረም፤ ልቦለድ ቢጨምርበት ይጨምር፤ ባይጨምርም አንባቢ ነው፤ ስሙም ከተወዳዳሪዎቹ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት።